ሰኮና ቤት

ሐይቅ ገበያ በረባሶ መሸጥ ስጀምር ከዕቃዬ ይልቅ የሚሸጥልኝ ምላሴ ነበር። ሰው ለሳቁ ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ አንድ ጥንድ መለካቱ አይቀርም።

መስከረም በገባ በሳምንቱ አንድ የቆሎ ተማሪዎች መምህር፣ ሸምገል ያሉ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ሰኮናዬን የማይነካ ጫማ አለህ?»

«የኔታ፣ ሰኮና ላለውማ ገበያው ወዲያ ነው!» ብዬ ወደ ከብት ተራው ጠቆምኳቸው። ጎረቤቶቼ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ በርበሬ ሻጯ ሳትቀር።

እሳቸው አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ተረከዛቸውን አሳዩኝ። እንደ በጋ ማሳ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ደም ጠቁሮበታል።

«ሰኮና ይኼ ነው» አሉ። «በግዕዙ እባብ ሰውን የሚነድፈው ሰኮናው ላይ ነው። ተረከዝ ማለት ስትጀምሩ ቃሉን ለከብቱ ተዋችሁለት።»

«ወላሂ አላወቅሁም፣ የኔታ።»

«አሁን እወቅ። ግሸን ለመውጣት ስለት አለብኝ። መኪናው እታች ይጥለናል፤ ዳገቱን የሚወጣው ይኼ ነው። ዘንድሮ ካልወጣሁ ለከርሞ ጉልበቱ የለኝም።»

ሰፋ ያለ በረባሶ መረጥኩ። ማሰሪያውን ነቅዬ ከተረከዛቸው አራቅሁት፤ ከሥሩ የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ አነጠፍኩበት።

«እስኪ ይራመዱ።»

እስከ በርበሬ ሻጯ ደርሰው ተመለሱ። አሮጌውን ጫማቸውን እኔው ጋ ጥለው ሄዱ።

እኔ እስላም ነኝ፤ የዚያን ዓመት የግሸን ንግሥ እስኪያልፍ ግን እንደኔ የጨነቀው ክርስቲያን የነበረ አይመስለኝም። መንገድ መንገዱን ሳይ ሰነበትኩ። በመጨረሻ በገበያው መሀል ከሩቅ ድምፃቸው መጣ፦

«አንተ ባለ በረባሶ! ሰኮናዬ ወጥታ ወረደች!»

ከዚያ ወዲያ ሱቄ «ሰኮና ቤት» ሆኖ ቀረ። ከውጫሌ ሳይቀር እግሩ የተሰነጠቀ ሁሉ በዚያ ስም እየጠየቀ ይመጣ ነበር።

የኔታ ካረፉ ቆዩ። ለበረባሶም ፈላጊው ሳሳ፤ ዓረብ አገር ያሉት ልጆች ለወላጆቻቸው ስኒከር ይልካሉ። አልፎ አልፎ ግን አንድ የገጠር ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወርዶ ባጃጅ ይይዝና «ሰኮና ቤት አድርሰኝ» ይላል። ሹፌሩ ሰኮና ሲባል የከብቱ መስሎት በቀጥታ ከብት ተራ ያወርደዋል። ሽማግሌው አቧራ ለብሶ፣ ሹፌሩን እየረገመ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

እኔ አልረግመውም። የመጀመሪያውን ሰው ወደዚያ የጠቆምኩት እኔ ነኝ።