ልብስ ሰፊዋን ማን ይለካት?

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩን ሴቶች ስትለካ የኖረችው ልብስ ሰፊ፣ ሰኞ ጠዋት ለራሷ የሰፋችው አንድ ቀሚስ ልክ አልሆን ብሏት መስታወት ፊት ቆማለች። ቅዳሜ ልጇ ትመረቃለች። ጨርቁ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ እጅ ላይ የሚፈስ ደህና ጨርቅ ነው። ስፌቱም እንከን የለውም። ሲለበስ ግን አንገቱ ሥር በቀኝ በኩል ይሸበሸባል፤ የታችኛው ጠርዝም አንድ ጎኑ ወርዶ ሌላው ይሰቀላል። ሁለቴ ፈታችው፣ ሁለቴ መልሳ ሰፋችው። ፍንክች አላለም።

ሰፈሩ «እትዬ ልኬ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በልክ ጉዳይ ቀልድ ስለማታውቅ ነው። አንዷ ደንበኛ ደውላ «ወገቤ ሰባ ነው» ያለቻት እንደሆነ፣ «በምን ለካሽው፣ በምኞት?» ትላታለች። ከዚያ ታስተምራለች። «ወፍራም ልብስሽን አውልቂ። ወገብሽ ላይ ሲባጎ እሰሪና ወደ ጎን ዘንበል በይ፤ ሲባጎው ሄዶ የሚያርፍበት እሱ ነው ወገብሽ፣ ቀበቶ የምታስሪበት አይደለም። ትንፋሽሽን አውጪ። ሆድሽን ከሜትሩ ብትደብቂው ቀሚሱ ያገኘዋል። ዳሌሽን እግርሽን ገጥመሽ ሰፊው ቦታ ላይ ለኪ፤ ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድብሽ መስታወት እዪ። ጀርባና ትከሻሽን ግን ለብቻሽ እንዳትሞክሪ። ሰው ጥሪ።»

የመጨረሻዋን ምክር እሷ ራሷ ሠርታባት አታውቅም። ለራሷ ስትሰፋ አሮጌ ቀሚሷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በዚያ ልክ ትቆርጣለች፤ አሮጌውም ከሌላ አሮጌ የተቀዳ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ለተጎነበሰች ሴት ማን ያይላታል? ቅዳሜ ግን ከልጇ ጎን፣ ካሜራ ፊት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ግድግዳው ላይ ባሉት ፎቶዎች ሁሉ የልጅቷ ቀሚስ ልክክ ብሏል፤ የእናትየው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ከረጢት ይመስላል። ለአንዲት ፎቶ እንኳ ደህና ሆና መታየት አማራት።

«ነይ እስቲ ለኪኝ» ብላ ልጇን ጠራች። ልጅቷ የተማረችው የመሬት ቅየሳ ስለሆነ ሜትር አይከብዳትም።

«እማዬ፣ ቀጥ በይ።»

«ብያለሁ። አጥንቱ ላይ ነው የያዝሽው? ልየው።» ዞረች።

«አትዙሪ! ዐርባ አንድ።»

«ዐርባ አንድ? የወታደር ትከሻ አደረግሽልኝ! ድገሚው።»

ሲደገም ዐርባ ሆነ። በሦስተኛው ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።

ልጅቷ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እኔኮ ተራራ ለክቻለሁ። ተራራ ግን ዞሮ ስንት ሆንኩ አይልም። ለምን ግራዬ ጋ አትሄጂም?»

እናትየዋ ቀሚሱን ማጣጠፍ ጀመረች።

ግራዬ በግራ እጇ የምትቆርጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። ሁለቱ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከዐሥራ አንድ የስፌት መኪናዎች በአንዱ ላይ እየተፈራረቁ ሙያውን ተማሩ። በየወሩ መጨረሻ እርስ በርስ ይለካኩ ነበር። የሚጋሩት ሜትር ጫፉ አልቆ ስለነበር ከዐሥር ቁጥር ጀምረው ለክተው መጨረሻ ላይ ዐሥር ይቀንሱ ነበር። አንድ ቀን መቀነሱን ረስተው ለአሠልጣኛቸው ሸሚዝ ሰፉላት። አሠልጣኟ ያንን ድንኳን ለብሳ ክፍል ገባችና «ሁለተኛዋን ሰው ከየት ላምጣ?» አለቻቸው። ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ እትዬ ልኬ ዛሬም ብቻዋን ስትሆን ትስቀዋለች።

የተኳረፉት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ሙሽራ ግማሽ የተሰፋ ቀሚሷን ከእትዬ ልኬ ወስዳ ግራዬ ዘንድ አስጨረሰችው። ግራዬም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከመንገድ ማዶ አንገት መነቅነቅ ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ልኬ ቀሚሱን በላስቲክ ይዛ የግራዬን ሱቅ በር ገፋችው። ግራዬ አፏ ሙሉ ስፒል ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለች በስፒሉ መሃል፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። እትዬ ልኬ ተመልሳ ልትወጣ አሰበች፤ ፎቶው ትዝ አላት።

«እንድትለኪኝ ነው የመጣሁት።»

ግራዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። «ሹራብሽን አውልቂ። ወደ መስኮቱ እዪ። ዝም በይ፤ ስታወሪ ትከሻሽ ይነሣል።»

ከአንገቷ አጥንት ተነሥታ ሁለቱን ትከሻዎች ለየብቻ ለካች። ሳይነገራት ደግማ ለካች።

«ቀኙ ከግራው ሁለት ሴንቲሜትር ወርዷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰባት ዓመት ጀርባሽን አላሳየሽኝም።»

«አንቺ ነሽ እንጂ ጀርባሽን የሰጠሽኝ። ያቺን ሙሽራ...»

«ካንቺ እንደመጣች አልነገረችኝም።» ግራዬ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «ስፌቱን ሳየው ግን ያንቺ እጅ እንደሆነ አወቅሁ።»

«አውቀሽም ጨረስሽው።»

«ጨረስኩት። አሳምረሽ የጀመርሽው ሳያልቅ ቢቀር አሳዘነኝ። መጥቼ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ። እንዳፈርኩም ቀረሁ።»

እትዬ ልኬ ቀሚሱን ከላስቲኩ አወጣች። «እሺ፣ ቀኙ ትከሻ ሥር ስፖንጅ ላስገባበት?»

«ስፖንጅ ምን ያደርግልሻል? ሞኝ አትሁኚ። የቀኙን ትከሻ ስፌት ሁለት ዝቅ አድርጊው፤ ጠርዙ ራሱ ይስተካከላል። መቀስ ይዞ የወረደ ትከሻ ነው፤ ምን ያሳፍራል? የኔም በግራ ወርዷል።»

እትዬ ልኬ እዚያው የግራዬ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ፈታ ሰፋችው። እሑድ የሚላክ ሥራ ያለባት ግራዬ የራሷን ትታ ጠርዙን በእጇ ያዘችላት። ሲለበስ ቀሚሱ ከአንገት እስከ ታች አንድ መጨማደድ ሳያሳይ ወረደ።

ቅዳሜ ፎቶ አንሺው «እናት ትንሽ ወደ ልጅ ጠጋ» አለ፤ ተጠጋች። ከዚያ ልጅቷ አብራቸው የመጣችውን ግራዬን እጇን ይዛ ጎትታ አስገባቻት። ሦስቱ ተነሡ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ሴቶች የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ልብስ እያዩ ነበር።

«ያቺን ሰማያዊ የለበሰችውን፣ ጀርባዋን አየሽልኝ?» አለች ግራዬ።

«ለብቻዋ ነው የተለካችው» አለች እትዬ ልኬ። «ያስታውቃል።»