ጭራቁ ከደረጃ የወደቀበት ፊልም

ልብስ ሰፊዋ ዶኛ ኤውፍራሲያ ጭምብል የለበሱ የነፃ ትግል ተፋላሚዎችና የጨርቅ ጭራቆች ፊልሞቻችንን በሞሉበት ዘመን ለአንድ አስቂኝ ፊልም የጭራቅ ልብስ ሰፍተው ነበር። ልብሱን ለብሰው ጭራቁን ሆነው የተወኑት ባላቸው ዶን ካሲሚሮ ናቸው። ቀረጻው ላይ ከደረጃ ወድቀው ወገባቸው ተሰበረ።

«የልብሱን እግር አስረዝሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉኝ ዶኛ ኤውፍራሲያ፣ ባለፈው እሑድ ያንኑ ፊልም ልናይ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት ገብተን ስንቀመጥ። «ፊልሙ ሲወጣ ሆስፒታል ተኝቶ ‹ሰው ሳቀ ወይ?› አለኝ። ሄጄ ማየት አልቻልኩም። ‹በሳቅ ፈረሱ› ብዬ ዋሸሁት። እስኪሞት ድረስ በዚያ ሲኮራ ኖረ።»

የዚያን ዘመን ፊልሞች እንዲያ እየወደድኩ፣ ይህኛው ሲጀምር ግን አሳፈረኝ። አንድም ሰው አልሳቀም።

«ካካሮ!» ብሎ አንዱ ፊልም ሲያስከፋን እንደ ልማዳችን አጫዋቹን በምንሰድብበት ቃል ጮኸ። «ተኝተሃል እንዴ? ቀልዱን የት ጣልከው?»

ዶኛ እጄን ጨብጠው ያዙ። ጭራቁ ደረጃው አናት ላይ ታየ፤ የገዛ እግሩን ረገጠና እስከ ታች ተንከባለለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «ካካሮ» ብሎ የጮኸው ሰውዬ እንኳ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር።

ዶኛ ግን አልሳቁም። እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ሰማህ፣ ካሲሚሮ?» አሉ።