የጥቁሩ ላንድክሩዘር ሙጫ

ባለፈው እሁድ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሲቆም ከጎናችን አንድ የሰርግ መኪና ነበር። አበባው ተነስቷል፣ ፕላስተሩም ተነስቷል፤ ሙጫው ግን ኮፈኑ ላይ ቀርቶ አቧራ ይዟል። ሹፌሩ ወርዶ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ወርጄ «ተው፣ ዘይት ቀባውና ጠብቅ!» ልለው ምንም አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ሙጫ ባየሁ ቁጥር አቡዳቢ ትመጣብኛለች፤ አቡዳቢ ስትመጣ ደግሞ ደም ደም ይሸተኛል።

የተወለድኩት እዚያው ነው። አባቴ ታደሰ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር፣ እናቴ የዚያው ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። አል ሻምኻ በሚባል ሰፈር፣ ከቪላው ጓሮ ባሉ ሁለት ክፍሎች እንኖር ነበር። የቤቱን ጌታ ሁላችንም ባባ ነበር የምንለው። የመኖሪያ ፈቃዳችን ኢቃማውም፣ ትምህርት ቤቴም፣ የምንተኛበት አልጋም በእሱ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ባባ ሲቆጣ እናቴ ድስት ማማሰል እንኳ ስታቆም አይቼ ነው የገባኝ።

የእኔ እድሜ ልጆች ያንን የኮሮና ዓመት ታስታውሱታላችሁ። ትምህርት ቤታችን ታብሌት ውስጥ ገብቶ «ሚስ፣ ካን ዩ ሂር ሚ?» እያልን የምንጮህበት ጊዜ ነበር። እናቴ ልትስመኝ ስትል እጇን ሳኒታይዘር ትቀባና ከዚያ ሐሳቧን ትቀይራለች። የጨዋታ ጓደኛዬ ጋሽ ጀማል ብቻ ነበር። በአጠገባችን ግንባታው የቆመ ቪላ ነበር፤ የዚያ ዘበኛ ነው፣ የወሎ ሰው፣ አባቴ ከእናቱ ልጆች አብልጦ የሚወደው። እሱ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ኳስ እንወራወራለን። ኳሷንም በሳሙና እናጥባታለን፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የባባ ትልቋ ልጅ ያን ሰሞን ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰች። ድግስ ክልክል ስለነበር ጥቁሩን ላንድክሩዘር ከኮፈኑ እስከ ኋላ በሩ «መብሩክ» በሚሉ ወርቃማ ፊደላት ለጥፈው፣ ጥሩምባ እየነፉ ሰፈሩን ዞሩ። ከዚያ መኪናው እንደዚያው ፀሐይ ላይ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት ከአል አይን ስልክ ተደወለ፤ የባባ እናት በዚያው በሽታ ሞተዋል። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚፈቀደውም ለጥቂት ሰው ነው። ሌላው መኪና ጋራዥ ገብቶ ጋራዡ ተዘግቷል። ሰውዬው እናቱን ሊቀብር «እንኳን ደስ አላችሁ» በሚል መኪና እንዴት ይሂድ? ዓይኑ ቀልቶ ወጣና አባቴን «ከዙህር ሶላት በኋላ እንወጣለን፤ አንድም ፊደል እንዳላይ» አለው።

ፊደላቱስ ተላጡ። ሙጫው ግን ፀሐይ ስላበሰለው ቀለሙ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ሲጨንቀው የሚረጋጋ ሰው ነው። ከእናቴ ወጥ ቤት የምግብ ዘይት አመጣ፤ ጨርቅ እየነከረ ሙጫው ላይ ያለብሳል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ እያንከባለለ ያነሳዋል፣ በሳሙና ያጥባል። የእኔ ሥራ ጨርቅ ማቀበልና ሙጫው በተነሳ ቁጥር «ለቀቀ!» እያልኩ መጮህ ነበር። የጋለ ብረት፣ ዘይትና የሎሚ ሳሙና ተቀላቅለው ይሸታሉ። በሮቹ እንደ መስታወት ሆኑ፤ ኮፈኑ ብቻ ቀረ። አባቴ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አልብሶት «እንዳትነኪው፣ ይለስልስ» አለኝና ሊታጠብና ልብሱን ሊቀይር ገባ።

ጋሽ ጀማል በጓሮ በር የገባው ያኔ ነው። መርዶውን ሰምቶ ሊረዳ ነው የመጣው። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና «ኧረ ይሄ እስከ ነገም አይለቅም!» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ እናቴ የድስት ቂጥ የምትፈትግበትን ሽቦ ይዞ ተመለሰ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳይገባኝ ኮፈኑን ፈተገው። ሙጫው እውነትም ተነሳ። ጋሽ ጀማል ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ከእኔ የሰማውን «ለቀቀ!» በደስታ ጮኸ። ዘይቱን በክንዱ ሲጠርገው ግን ከሙጫው በታች የነበረው ጥቁር ቀለም አብሮ ሄዶ፣ ኮፈኑ ድመት የተጣላበት ይመስል ነጭ በነጭ ተጫጭሯል።

አባቴ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። አየ። የጋሽ ጀማልን ማጅራት ከኋላ ያዘና ፊቱን ከዚያ እሳት ከሆነ ኮፈን ጋር አላተመው። ደገመው። ጋሽ ጀማል እንደምንም ዞሮ የአባቴን ሆድ በጉልበቱ ሲለው ሁለቱም በፈሰሰው ዘይት ተንሸራተው ወደቁ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ መሬት ላይ እየተንከባለሉ፣ በቡጢ፣ በክርን፣ በጥርስ ተያያዙ። «ልጄን ከትምህርት ቤቷ ልታስባርራት! ልጄን ከቤቷ!» ይላል አባቴ በእያንዳንዱ ምት። ስንት ወር ሙሉ ሰው ሰውን ሲነካ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያየሁት የመጀመሪያው መነካካት ያ ነው። የአባቴን እግር አቅፌ «ልቀቀው! አባዬ ልቀቀው!» እያልኩ አለቀስኩ። እናቴ የሳሙናውን ባልዲ እላያቸው ላይ ስትደፋ ነው የተላቀቁት።

ባባ ረጅሙን ነጭ ቀሚስ፣ ከንዱራውን፣ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ኮፈኑን አየ። አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ ጀማል ደሙን እየተፋ ከፊቱ ገባና «እኔ ነኝ ባባ፣ ወላሂ እኔ ነኝ! ታደሰ የለበትም» አለ። ባባ በጥፊ መታው። እናቱ የሞተችበት ሰው ምት ነበር፤ ጋሽ ጀማል ተንገዳገደ። ለሁለተኛው እጁን ሲያነሳ አባቴ የባባን የእጅ አንጓ ያዘ።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሊገድለው የነበረው አባቴ፣ የባባን እጅ አየር ላይ እንደያዘ፣ በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛው «ይሄ ወንድሜ ነው» አለ። ባባ ወደ ክንዱ ተመለከተ። ለቀብር በለበሰው ነጭ እጅጌ ላይ አምስት የዘይት ጣቶች ታትመዋል። አልጮኸም። «ኸላስ፣ በቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቁልፉን ከአባቴ ኪስ ራሱ አወጣ፣ ያን የተቧጨረ መኪና ብቻውን እየነዳ ወደ አል አይን ሄደ። ጋሽ ጀማል «ምን አደረግክ አንተ እብድ!» እያለ የአባቴን ደረት በቡጢ እየደበደበ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኢቃማችን ተሰረዘ። በረራ ሲከፈት ጓደኞቼን በታብሌት ተሰናብቼ ወጣሁ። የጋሽ ጀማል አሠሪ ሌላ ነውና እሱ እዚያው ቀረ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ተከፍቷል። ሰው እንደልቡ ይተቃቀፋል፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ አማርኛዬ ከእንግሊዝኛዬ በልጦ፣ የአዲስ አበባ ልጅ መስያለሁ። አባቴ እዚህ የሰው ታክሲ ይነዳል። ጋሽ ጀማል ዓርብ ዓርብ ይደውላል፤ ሁለቱ ስልክ ላይ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። እሁድ ያየሁትን የሰርግ መኪና ማታ ለአባቴ ነገርኩትና ስንት ዓመት ያነቀኝን ጥያቄ አወጣሁት። «አባዬ፣ ያን ቀን ይቆጭሃል?»

«ይቆጨኛል እንጂ!» አለ፣ አፍታም ሳይቆይ። የሚቆጨው የባባን እጅ መያዙ፣ ቤታችን፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቴ መሰለኝ።

«ጀማልን መምታት አልነበረብኝም» አለ። «ሊረዳኝ መጥቶ።»

ራሴን ነቀነቅኩለት። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አቡዳቢን ማጣቴ ነው፤ ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።