ገሳይ ላይ የወረደው ሐዘንተኛ

ከደብረ ታቦር በተነሣው ሚኒባስ ውስጥ እመት ፈንታነሽ ከጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት ሰረቅ አድርገው ያዩታል። እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ተላጭቶ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ግን ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የጻፈውን ይደመስሳል፤ በደመሰሰም ቁጥር ፈገግ ይላል።

«ልጄ፣ ጨረስኸው እኮ!»

«እማማ፣ ይህ ማሽን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞር ሬጅስተር በሚባሉት ትንንሽ መያዣዎቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ወደ ቀድሞው ሥራ ሲመለስ መልሶ ያነሣል። እንዲፈጥን ብዬ የማያስፈልገውን እያስጣልሁት ነው።»

«የሚያስፈልገውን ብታስጥለውስ?»

«ሲመለስ የት እንደነበረ ይጠፋዋል።»

እመት ፈንታነሽ ነገሩ ግራ እንደ ገባቸው ገሳይ ደረሱ። ወጣቱ ወርዶ ወዲህ አየ፤ ወዲያ አየ፤ ወደ መስኮታቸውም ተመለሰ።

«እማማ፣ የመምሬ ባምላኩ ቤት በየት በኩል ነው?»

«የሟቹ? የምናቸው ነህ?»

«ልጃቸው።»