የጋሽ ታደሰ ድምፅ

ልጄ ስልኬ ላይ የድሮ ካርቱን እያየች ስትስቅ፣ ጅቡም አህያውም አሮጊቷም በአንድ ሰው ድምፅ ሲያወሩ ሰማሁ፤ በጋሽ ታደሰ ድምፅ። አዳማ ጎረቤታችን ነበሩ። ለካርቱን ድምፅ መስጠት እንጀራቸው ነበር።

ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የተመለሱ ጊዜ እናቴ ልትጠይቃቸው ይዛኝ ሄደች። ክፍሉን ሙቀትና የመድኃኒት ሽታ አፍኖት ነበር። ልጅነቴ አላስቻለኝም፤ «ጋሽዬ፣ እስቲ እንደ አህያው ያናፉልኝ» አልኳቸው። እናቴ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ግን አፋቸውን ከፈቱ፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አላጠፋሽም። እኔም ሰው በሌለበት እሞክረዋለሁ» ሲሉ አንሾካሾኩልኝ።

ዛሬ እኔም እናት ሆኛለሁ። አህያው ሲያናፋ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ።