የደብሬ ሽሮ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ ስቀርብ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ በበዓል ቀን በርበሬ ማስፈጨቴን እናዘዛለሁ። ትንሽ ትንሹን እየቆነጠርኩ አቀርብላቸዋለሁ፤ ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ። ትልቁን ግን ይዤው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ፍርሃት እንጂ ድፍረት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው እወቁት።

ሞጣ ውስጥ የባልትና ሱቅ አለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ እሸጣለሁ። ከባሕር ዳር ድረስ እያስላኩ የሚወስዱ ደንበኞች አሉኝ። ከ“ሞዴል” ነጋዴ ሴቶች አንዷ ስለተባልኩ እንግዳ በመጣ ቁጥር የከተማው ሹሞች ሱቄን ያስጎበኛሉ፤ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ከምንም ተነስቼ እዚህ እንደደረስኩ አወራለሁ። ሱቁ በእርግጥ የእኔ ነው። ሐሳቡ ግን የእኔ አልነበረም። የደብሬ ነበር።

ደብሬን ያወቅኋት ቢቸና፣ በሥራ ፈጠራ ስልጠና ላይ ነው። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥራ አጥ ወጣቶችን በየአዳራሹ እየሰበሰቡ የሚያሰለጥኑበት ጊዜ ነበር። እኔ የከተማዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ስልጠናው ላይ የተገኘሁት ለአበሉ ብዬ ነው። ደብሬ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ እየተመላለሰች ትማር ነበር። ከእኔ ጎን ስለተቀመጠች ጓደኛዬ ሆነች።

አሰልጣኙ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ንግድ ከመጀመራችሁ በፊት ዕቅድ ይኑራችሁ፣ ደንበኛችሁን እወቁ፣ ተወዳዳሪያችሁን እወቁ ይለናል፤ እኛ እየጻፍን እናንቀላፋለን። የገበያ ጥናት ተብለን ወደ ከተማ ስንላክ ሁላችንም መንገደኛ እያስቆምን “ብንሸጥ ትገዛላችሁ?” ብለን ጠየቅን። ሁሉም እንገዛለን አለ። በእኛ አገር ፊት ለፊት እንቢ የሚል ሰው የት ይገኛል? ደብሬ ግን ማንንም አልጠየቀችም። መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ተከራይተው በሚኖሩበት ሰፈር አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከሥራ ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚገቡ ስታይ አመሸች። ዳቦና ሙዝ ነበር የያዙት።

“እነዚህ ሰዎች እናታቸው ሩቅ ናት” አለችኝ በማግስቱ። “ሽሮ የሚልክላቸው የለም። ለሳምንት የምትበቃ እያደረግን ብንሸጥላቸውስ?”

የዛሬው ሱቄ በሙሉ ከዚህ አነጋገር ነው የወጣው። እኔ የጨመርኩበት ነገር ካለ ክፋት ብቻ ነው።

በስልጠናው ማብቂያ ላይ ጥንካሬያችንን፣ ድክመታችንን፣ መልካም አጋጣሚያችንንና ስጋታችንን እንድንጽፍ ታዘዝን። ደብሬ ስጋት ከሚለው ሥር ምንም ሳትጽፍ ተወችው። ስቄ “አንች ስጋት የለብሽም?” አልኳት። ከአዳራሹ ወጥተን አጥር ሥር እስክንቀመጥ ድረስ አልመለሰችልኝም። ከዚያ እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን ነገረችኝ።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ከእሱ ጋር ጋብቻ የለም፤ እጁ የነካው እህል አይቀመስም። የሠራውን ድስት ግን ገበያ ወርደን፣ በጣታችን እያንኳኳን መርጠን እንገዛለን፤ ወጣችንን ሠርተን ልጆቻችንን እናበላበታለን። ድስታቸው ያልበላን እጃቸው እንዴት ይበላናል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ንግዱን ለመጀመር ሞጣን የመረጠችውም ለዚህ ነበር። ቢቸና ላይ የማን ልጅ መሆኗን የሚያውቅ አይጠፋም፤ ሞጣ ግን የሚያውቃት አልነበረም። ዕቅዷ ሁሉ የቆመው ባለመታወቋ ላይ ነው። “ካንች በቀር የነገርኩት ሰው የለም” አለችኝ። እኔ እንደሌላው ሰው አይደለሁም ብዬ መለስኩላት። እንደሌላው አልነበርኩም፤ የባስኩ ነበርኩ።

አብረን ወደ ሞጣ ከመሄዳችን በፊት ቤቷ ወሰደችኝ። እናቷ እማማ ዘርፌ ንፍሮ አቅርበው ራቅ ብለው ቆሙ። “ባትበይም አይከፋኝ፣ ልጀ” አሉኝ። በላሁ። ደግሜ ዘግኜ በላሁ። እማማ ዘርፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ያን ቀን በራሴ እንዴት ያለ ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። አንድ እፍኝ ንፍሮ በልቼ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሞጣ ላይ መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ቤት ተከራየን። እሷ ትቆላለች፣ ትደልዛለች፣ ታስፈጫለች፤ እኔ እሸጣለሁ። በርበሬውን የምናስቀምጠው እናቷ በሠሯቸው ሁለት ጋኖች ውስጥ ነው። መምህራኑ መጡ፤ ነርሶቹ መጡ፤ ቀጥሎ የከተማው ሰው መጣ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ክርስቲያኑ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ሙስሊሙ ደጃችን ላይ ይሰለፋል። ዕቅዱ ልክ እሷ እንዳለችው ሆነ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አይደለም?

አላለኝም። ሰው ወደ እኔ መጥቶ፣ ዓይኔን እያየ፣ “የደብሬን ሽሮ ስጪኝ” ይላል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምሸጠው እኔ፣ ስሙ የእሷ። የአባቴ ልጅ፣ ጨዋዋ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሎሌ የሆንኩ መሰለኝ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ያው ንፍሮ የበላሁት እኔ። በትንሽ በትልቁ እያኮረፍኩ ቆየሁና ሰበብ ፈጥሬ ተለየኋት። ከእሷ ሱቅ ትንሽ ዝቅ ብዬ የራሴን ከፈትኩ። ሽሮዬ ያርር ነበር፤ በርበሬዬ አሸዋ አለው ተባለ። ደንበኛ በደጄ አልፎ ወደ እሷ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እሷ ደግሞ ይባስ ብላ ገበያ የበዛባት ቀን “እዚያች ጓደኛዬ ጋ ሂዱ፣ ጥሩ ሽሮ አላት” እያለች ሰው ትልክልኛለች። ምጽዋት መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ እሸጥላቸው ነበር።

በዚህ መሐል እትዬ ማንጠግቦሽ መጡ። ባለጸጋ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው እሳቸው የበሉትን ይበላል፣ የተጠየፉትን ይጠየፋል። የባላቸው ተዝካር ደርሶ ሽሮውንም በርበሬውንም ለደብሬ ሊያዙ አስበዋል። ግን ተዝካር ነው፤ ካህናት ባርከው የሚበሉት እህል የማን እጅ እንደነካው ሳይጣራ አይሆንም። አብረን መሥራታችንን ስለሚያውቁ ሊያጣሩ የመጡት ከእኔ ነው። ደጄ ላይ ቆሙና ያች ጓደኛሽ የማን ልጅ ናት አሉኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። የደግ ሴት ልጅ ናት ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ “ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። እናቷ ሸክላ ይሠራሉ መሰለኝ።”

መሰለኝ አልኩ። ሽሮ እየሰፈርኩ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን አመለጠኝ አልላችሁም። አላመለጠኝም። አሰልጣኙ ተወዳዳሪያችሁን እወቁ ብሎን አልነበር? እኔ ተወዳዳሪዬን አውቃት ነበር፤ የት ጋ እንደሚያማትም ነግራኛለች፤ እዚያው ላይ መታኋት።

ቡዳ መሆኗን ባምን ኖሮ ምስኪን፣ አላዋቂ ናት ትሉኝ ነበር። አላምንም። ስንት ጊዜ ከእጇ ጎርሻለሁ። ሌላው ሰው እንደሚያምን ግን አውቃለሁ፤ በሰው ፍርሃት ነው የነገድኩት።

የተዝካሩ ትዕዛዝ ቀረ። ቀጥሎ ሴቶች ከደብሬ የገዙትን ሽሮ እየመለሱ ደጃፏ ላይ ጥለውት ይሄዱ ጀመር፤ ደፏን እንኳ አይረግጡም። የጎረቤት ልጅ ሆዱን ቆርጦት ሲያስመልስ እናቱ ደብሬ አይታዋለች ብላ እየጮኸች ጸበል ወሰደችው። ልጁ በማግስቱ ኳስ ሲያንከባልል አይቼዋለሁ፤ መዳኑን ግን ማንም አላወራም። መምህራኑ መጀመሪያ ሳቁ፤ የተማረ ሰው በዚህ አያምንም አሉ። አከራዮቻቸው የእሷ ሽሮ በእኛ ቤት አይሠራም ሲሏቸው ግን እነሱም ወደ እኔ ዞሩ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተስማምተው ተዋት። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ልቀቂልኝ አላት።

ልትሄድ ስትል ወደ ሱቄ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ብትጮህብኝ ምን ነበረበት! ከስታለች። ገበያተኛው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ጠበቀች።

“ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገርኩት” አለችኝ።

መንገድ ላይ የሚኒባስ ረዳት ባሕር ዳር እያለ ሲጣራ ይሰማናል። ያን ጊዜ እንኳ እግሯ ላይ መውደቅ እችል ነበር። ሚዛኔን መወልወል ጀመርኩ።

“ጋኖቹ መኪና ላይ ይሰበሩብኛል፤ አንች ያዣቸው” አለች በመጨረሻ። “እነዚያን መምህራንም አታስርቢያቸው።”

ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

ጋኖቹ ዛሬም ሱቄ ውስጥ ናቸው። ደንበኞቼ የበርበሬሽ ሽታ ልዩ ነው፣ ምን ብትጨምሪበት ነው ይሉኛል። እትዬ ማንጠግቦሽም ከእኔ ነው የሚወስዱት። የሸክላ ሠሪዋ እጅ ከነካው ጋን እየወጣ ከተማው ሁሉ ይበላል፤ የታመመም የለም። አንድ ቀን ቆሜ ይህን ጋን የሠራችው የደብሬ እናት ናት፣ የተወችልኝም ደብሬ ናት ብል ሱቄ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ አልልም። በየቀኑ አለማለቴ በየቀኑ ያን ቃል መድገሜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልልም።

በቅርቡ ልምድሽን አካፍዪ ብለው ቢቸና ወሰዱኝ፤ እዚያው የሰለጠንበት አዳራሽ። ሥራ ሊጀምሩ የተዘጋጁ ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። ስለ ዕቅድ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ አወራኋቸው። እናታቸው ሩቅ ስለሆነች ሰዎችም አወራሁ፤ ያችኑ የደብሬን ንግግር እንደ ራሴ አድርጌ። አንዷ እጇን አውጥታ ተወዳዳሪሽን በምን አሸነፍሽ አለችኝ። በጥራት አልኳት። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ወጥቼ በገበያው ሳልፍ አንዲት አሮጊት ከድስቶቻቸው መካከል ስሜን ጠሩኝ። እማማ ዘርፌ ነበሩ። እጄን የማልዘረጋላቸው መስሏቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ፤ እኔ ስዘረጋ ግን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ደብሬ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሳህን እንደምታጥብ ነገሩኝ። ወጥ ሥሪ ቢሏት ምግብ አልነካም አለች አሉ። ሞጣን ለምን እንደለቀቀች ንግዱ አልሆነልኝም ብቻ እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ስለ እኔ ግን ሁልጊዜ ታነሳለች፤ እህት ሆናኝ ነበር ትላለች።

“ከቤቴ እህል የቀመስሽ አንች ብቻ ነሽ” አሉኝ። “ልጀን ያልከዳሽብኝ፣ አንችን ልጅ አይክዳሽ።”

ምን ልበል? በጸጥታ ብቆም እንኳ ይሻል ነበር። አሜን አልኩ። ምርቃታቸውንም የደብሬን ደንበኞች እንደወሰድኩ ወሰድኩት። አንድ ድስት መርጠው፣ አላስከፍልሽም ብለው፣ ደረቴ ላይ አስታቀፉኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሞጣ ድረስ ታቅፌው ተጓዝኩ።

አብሮ የበላን ቅዱስ ዮሐንስ አይሽረውም ይባላል። እኔ ሽሬዋለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም፤ ይቅርታው በእጇ ያለውን ደብሬን ደግሞ ባሕር ዳር ሄጄ ለመፈለግ እስካሁን አልተነሳሁም። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ወጣት ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ፣ ያገሩ ልማድ ነው አልላችሁም። ልማዱ ያገሩ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። መሰለኝ አልኩ። አልመሰለኝም፤ አውቅ ነበር።