ለሐኪሜ «ደህና ነኝ» ስለው

ከተወለድኩባት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ልወጣ በዋዜማው ምሽት ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቀኝ መጥቷል፤ እኔ ግን ከምርቃቱ ይልቅ የማስበው ስለ ሻንጣዬ ነበር። እማዬ ከልብሴ ሥር በሶ፣ ከበሶው ሥር ደግሞ ሌላ በሶ ጠቅጥቃበት አልዘጋ ብሏል። ሲነጋ የደብረ ታቦርን አውቶቡስ ያዝኩ። እማዬ አላለቀሰችም፤ መኪናው እስኪነሳ «ደህና አድርገሽ ብዪ» ብቻ ነበር የምትለኝ። ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጀርመን። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ስንቴ «ምነው በቀረብኝ» እንዳልኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

የመጣሁት አረጋውያንን የመንከባከብ ሙያ ልማር ነው። እነሱ አውስቢልዱንግ ይሉታል፤ እየሠሩ መማር ነው። ብርዱን አትንገሩኝ፣ እኔ የጉና ነፋስ ያሳደገኝ ነኝ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እዚህ ሰው «ቪ ጌትስ?» ይላችኋል፣ እንዴት ናችሁ ለማለት፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። አከራዬ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ «አልስ ጉት?» ትለኛለች፣ ሁሉ ደህና? ቆሜ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ወገቧ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በሯ ተዘግቷል። በእኛ አገር እንዲህ የሚያልፍ የተቀየመ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው፤ ሳምንታት ቆይቶ ለቀቀኝ። ቀጥሎ እግሬ ይደነዝዝ ጀመር። የባሰው ግን የጭንቅላቴ ነገር ነው። ለአንዲት አሮጊት ውኃ ይዤ በሯ ላይ እደርስና ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኛል። መምህራችን ስትጠይቀኝ መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ እስኪደርስ ግን ሌላው መልሶታል። ፈራሁ። ፈተናውን ብወድቅ ትምህርቱም የመኖሪያ ፈቃዱም አብረው መሄዳቸው ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን አእምሮዬ እየጠፋ መሰለኝና በጣም ፈራሁ።

ሐኪም ጋ አልሄድኩም ማለት አይደለም። ሽማግሌው ሐኪሜ ተነሥቶ ይጨብጠኛል። እዚህ ሐኪም በሽተኛውን አንቱ ይላል፤ ብታዩ ታፍራላችሁ።

«እንዴት ነዎት?» ይለኛል።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይጽፋል፣ ደም ያስቀዳኛል፣ ይሸኘኛል። እኔም «ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ አንዴ ጠይቆ የሚተው» እያልኩ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ወደቅሁና ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። መስቀሌን አውልቄ ማተቤን ግን እምቢ አልኩ፤ ባለሙያው «ክር ብረት አይደለም» ብሎ እየሳቀ አስገባኝ። እንደ በርሜል ባለ ነገር ውስጥ አጋደሙኝ። ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ነው። ብታምኑም ባታምኑም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐኪሜ የአንጎሌን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉበት። በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ የነርቭ ልባስ ይላጥና መልእክቱ ይዘገያል።

«ይህኛው አዲስ ነው» አለኝ በጣቱ እያሳየ። «እነዚህ ግን ቆይተዋል። መቼ ጀመረዎት?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ሁልጊዜ ስጠይቅዎት ደህና ነኝ ይሉኝ አልነበረም?»

«እሱማ ሰላምታ ነው። እኛ አገር መጀመሪያ ደህና ነኝ ይባላል። ከዚያ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እንጠያየቃለን። ሕመም የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ጠያቂው ደጋግሞ ከለመነ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ለአንድ ሰው ያለኝ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ሰላምታው እንኳ አያልቅበትም።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሃል ላይ እንባ ሆነብኝ።

ቀጥሎ የአእምሮ ምርመራ ወደምትሠራ ባለሙያ ላከኝ። ምልክትና ቁጥር እንዳዛምድ ሰጠችኝ፤ የቃላት ዝርዝር አንብባ አስደገመችኝ። ቃላቱን አብዛኞቹን ያዝኳቸው። የዘገየሁት ፍጥነት በሚፈልገው ላይ ነው። ውጤቱን ስታስረዳኝ የአገሬ መንገድ ትዝ አለኝ፤ ክረምቱ ሲሸረሽረው አውቶቡሱ ይዘገያል እንጂ ተሳፋሪውን ጥሎ አይመጣም። ትምህርት ቤቱ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ፈቀደልኝ። መድኃኒትም ጀመርኩ፤ የተላጠውን ባይመልስም አዲስ ነጠብጣብ እንዳይበዛ ይረዳል ተብያለሁ። አሁን ሐኪሜ «ሰላምታውን ጨርሰናል፣ ወደ ሕመሙ» ይለኛል።

የቀረችኝ እማዬ ነበረች። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ጠብቄ ደወልኩ። እሷ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ገብሱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና። ሁሉም ሲያልቅ ልቤን ሰብሰብ አደረግሁ።

«እማዬ፣ ደህና አይደለሁም።»

ዓይኔንም፣ ፎቶውንም፣ ነጠብጣቡንም ነገርኳት። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል።

«እኔንስ ትረሺኛለሽ?» አለችኝ።

«አንቺንማ እንዴት ብዬ። መናገር ላይ ነው የምዘገየው» አልኳት እያለቀስኩ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል ልጄ። ቀስ ብለሽ ትናገሪያለሻ። እኛ ምን ቸኩለን።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ያ ሁሉ የሐኪም ቤት መኪና ጭንቅላትሽን ሲያይ» አለች፣ «እኔ እንዲያው አንዴ ራስሽን በዳበስኩት።»

ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ራሴን ወደ ስልኩ ዘንበል አደረግሁ።